ዘጠነኛው መደብ

እናቴ ገንፎ ባቀረበች ቁጥር «ጠርጥር፣ ገንፎም ውስጥ አለ ስንጥር» ብላ ትስቅ ነበር። ለእሷ ቀልድ ነው፤ እኔ ግን የምሬን ያዝኩት። ባለሱቁ «የዛሬ ነው» ያለኝን ዳቦ በጣቴ ሳልጫን አልገዛም። ባጃጅ ነጂ ባልለመድኩት በኩል ከታጠፈ፣ የለመድኩት መንገድ ተቆፍሮ እያየሁት እንኳ «ወዴት ነው የምትወስደኝ?» እላለሁ። ባሌ «አንቺን ፖሊስ ቢያደርጉሽ ሶዶ ውስጥ ያልታሰረ ሰው አይተርፍም ነበር» ይለኛል። እንዲህ ያለሁት ሴት ስድስት ዓመት ሙሉ በገዛ ጓዳዬ መታለሌን ሳስበው እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ነገሩን የደረስኩበት በገና ዕለት ጠዋት ነው። በሰፈራችን ስምንት ቤት ለገና አንድ ላይ ቅርጫ እንገባለን። ሐኪም አለ፣ የዩኒቨርሲቲ አስተማሪ አለ፣ ነጋዴ አለ፤ ግማሾቹ እንደ ባሌ ከሌላ አገር ተመድበው የመጡ ናቸው። በሬው የሚታረደው ከእኛ ሁለት ቤት አልፎ ባለው ሰፊ ግቢ ነው። ወንዶቹ ሥጋውን በእንሰት ቅጠል ላይ እኩል እኩል ይመድቡታል። ከዚያ እያንዳንዱ ከኪሱ ያገኘውን አንድ ነገር ለዕጣ ይሰጣል፤ ሳንቲም ቢሆን፣ ስንጥር ቢሆን፣ የጠርሙስ ክዳን ቢሆን። የማን የትኛው እንደሆነ ያላየ ልጅ ይጠራና ዕጣዎቹን አንድ በአንድ መደቦቹ ላይ ያስቀምጣል። ዕጣህ ያረፈበት ያንተ ነው፣ ማጉረምረም የለም።

ዘንድሮ ዕጣ እንድትጥል የተጠራችው ልጄ ነበረች፤ በሚቀጥለው ወር ስድስት ዓመት ይሞላታል። እኔም በእሷ ዕድሜ ገሱባ ውስጥ፣ በአባቴ ሰፈር ዕጣ ጣይ ነበርኩ። ዕጣ የሚባል ነገር የማላምነውም ለዚህ ነው። የአባቴን ዕጣ ለይቼ ስለማውቀው ሁልጊዜ ጉበት የበዛበት መደብ ላይ አስቀምጥለት ነበር። ማንም አልነቃብኝም፤ ቢያንስ እኔ እንደዚያ ይመስለኝ ነበር።

ጓዳ ሆኜ ዳጣ እየፈጨሁ ነው። ቃሪያውና ዝንጅብሉ ዓይኔን እያስነባኝ ሳለ በሬው የሚታረድበት ግቢ ባለቤት የሆነችው ጎረቤቴ ትሪ ልትዋስ ገባች። ትሪውን ተቀብላ ከበር ስትደርስ ዞር አለችና፣

«ለመሆኑ እናንተ ዘንድሮም ሁለት መደብ ናችሁ አይደል እቴ? አንደኛውን እንደ አምናው እስከ ነገ እኛ ጋ እንስቀለው?» አለችኝ።

እጄ ወፍጮው ድንጋይ ላይ ቀረ። ዘንድሮም? እንደ አምናው? እኛ ቤት ሁለት መደብ ገብቶ አያውቅም። ግን የሚጠረጥር ሰው አለማወቁን አያሳውቅም። «አዎ፣ እንደ አምናው» አልኳትና አንገቴን ደፍቼ መፍጨቴን ቀጠልኩ። ያን ዕለት የፈጨሁትን ዳጣ የቀመሰ ሁሉ «ምን አቃጠለሽ?» እያለ ውሃ ጠጥቶበታል።

ልጄ እጇ ሥጋ ሥጋ እየሸተተ ተመለሰች። እጇን እያጠብኩ ቀስ ብዬ መረመርኳት።

«መደቦቹ ስንት ነበሩ፣ የኔ ቆንጆ?»

«ዘጠኝ።»

«አባዬ ለዕጣ ምን ሰጠ?»

«ፊታችንን አዙረን ነበር» አለችና ወደ በሩ አየት አድርጋ «የእስክሪብቶ ክዳንና አዝራር» ብላ ሹክ አለችኝ።

የእኔ ልጅ ናት፣ አይካድም።

«ምን ዓይነት አዝራር?»

«ሰማያዊ። ጉበት ያለው ላይ አስቀመጥኩት። ያምራላ!»

ስምንት ቤት፣ ዘጠኝ መደብ። የእስክሪብቶ ክዳኑ የእኛ ነው፤ ባሌ የቢሮ ሰው ነው። ሰማያዊው አዝራርስ? በወንድ ሸሚዝ ላይ ሰማያዊ አዝራር አይቼ አላውቅም። በዓይነ ሕሊናዬ ሸሚዙንም፣ ሸሚዙን የለበሰችውንም ሴት አየኋት። ቀጭን አደረግኋት፤ ወጣትም አደረግኋት። ቅናት እንደሆነ ለማንም አይራራም።

ባሌ አንዱን መደብ በትሪ ይዞ እየሳቀ ገባ። «ስንት መደብ ወጣ?» አልኩት፣ ቢላዋ እየሳልኩ።

«ስምንት ነዋ፤ ስንት ሊወጣ ነው?» አለ። ዓይኑን እንኳ አላርገበገበም።

ያን ገና ቁርጡን እንዴት እንደበላሁ አላውቅም። አርባ ምናምን ቀን ጾሜ የጠበቅኩትን ሥጋ በቢላዋ ስቆራርጠው ቆየሁ። ባሌን ሲጎርስ አየዋለሁ፣ ሲስቅ አየዋለሁ፣ ልጁን ሲያጎርስ አየዋለሁ። ይሄ ሰው ሌላ ቤት አለው እላለሁ በሆዴ። ሌላ ልጅስ ቢኖረው?

ይህ ፍርሃት ከሰማይ የወረደ አይደለም። እናቴ በሞተች በሰባት ወሯ፣ ሙት ዓመቷ እንኳ ሳይደርስ፣ አባቴ ሌላ ሴት ቤት አስገባ። እኔ ያኔ እርጉዝ ነበርኩ። ገሱባ ድረስ ሄጄ፣ ጎረቤት በተሰበሰበበት፣ «ከዚህች ሴት እጅ ውሃ እንኳ አልቀበልም፤ እሷ እያለች ይህን ደጅ አልረግጥም» ብዬ ምዬ ወጣሁ። ሽማግሌ ሁለት ጊዜ ተላከ፤ ሁለቱንም ጊዜ በሩን ዘግቼ ለቅሶዬን አለቀስኩ። ባሌ «አባትሽ እኮ ነው» ማለት ሲጀምር «የዚያን ቤት ነገር ሁለተኛ እንዳታነሳብኝ» አልኩት። አላነሳም። ከዚያ ወዲህ ወንድ ልጅ ሁሉ አንድ ቤት አይበቃውም የሚል ነገር ሆዴ ውስጥ ተቀመጠ።

ደግሞ ማስረጃ አላጣሁም። ባሌ በየዓመቱ በገና ማግስት ቤሌ ከተማ ፊልድ አለኝ ብሎ ይወጣል። በበዓል ማግስት፣ ሰው ሁሉ ራሱን ይዞ በሚተኛበት ቀን ፊልድ! ሲመለስ ቅቤ ይዞልኝ ይመጣል። የመጀመሪያውን ያመጣው ልጄን የወለድኩ ሳምንት ነበር። ሁለት እጅ የሚሞላ ለጋ ቅቤ፣ በታጠበ የእንሰት ቅጠል ተጠቅልሎ፣ በቃጫ ታስሮ፣ የቃጫው ጫፍ ተመልሶ ወደ ውስጥ ተሸጉጦ። አራስ ሳለሁ አናቴ ላይ የተደረገውም፣ ገንፎዬ ላይ የፈሰሰውም እሱ ነው። «የቤሌ ገበያ እንዲህ ያለ ቅቤ አለው እንዴ!» ብዬ ባሌን የመረቅሁት እኔው ነኝ። አሁን ሳስበው ለገበያ የሚሸጥ ሰው የቃጫ ጫፍ አይሸጉጥም። ለሚወደው ሰው የሚልክ ሴት እጅ ነው።

በማግስቱ ባሌ ማልዶ ተነሳ። «ቤሌ ነው?» አልኩት። «ቤሌ» አለ። ልጄን ጎረቤቴ ጋ አስቀምጬ፣ ነጠላዬን እስከ አፍንጫዬ ተከናንቤ፣ በባጃጅ ተከተልኩት። መናኸሪያው በበዓል ተመላሽ ተጨናንቋል። ከሩቅ አየሁት። ጥቁር ፌስታል አንጠልጥሏል፤ ከፌስታሉ አፍ የእንሰት ቅጠል ብቅ ብሏል። በቤሌ ሚኒባሶች አጠገብ አለፈ፤ ቀና ብሎም አላያቸውም። ሄዶ የገሱባው ደጃፍ ቆመ።

ገሱባ! በተወለድኩበት አገር! ነደደኝ። ሌላ አገር አጥቶ ነው እትብቴ የተቀበረበት ቦታ ሴት የሚያስቀምጠው? ሰው እየገፋሁ ሄጄ ክንዱን ጨመደድኩት።

«ቤሌ በየት በኩል ነው?»

ዞር አለ። ደንግጧል፤ ግን ፊቱ የተያዘ ሌባ ፊት አልነበረም። ብዙ ተሸክሞ የደከመው ሰው ይመስል ነበር።

«እናቷ» አለኝ፤ ከወለድን ወዲህ የሚጠራኝ እንደዚህ ነው። «በምን መጣሽ?»

«ሴትዮዋ ማን ናት?»

«የትኛዋ?»

«ቅቤውን የምትጠቀልልልህ!»

ሳቅ መጣበትና ዋጠው። «እሱስ ሴት ናት የምትጠቀልለው» አለ። «ነይ ግቢ፣ ቦታ አለ። እዚህ ብነግርሽ አትመጪም።»

ገባሁ። ልይዛት፣ ፀጉሯን ልነጭ፣ ገባሁ። መንገዱ እንደ ድሮው ነው፤ እያነሳ ያፈርጠናል፣ አቧራው በመስኮት ይገባል። ፌስታሉ በእሱና በእኔ መሀል፣ እግራችን ሥር ተቀምጧል። ለሴትዮዋ የምላትን ስድብ ከቀላሉ እስከ ከባዱ በተራ ሳዘጋጅ ደረስን።

ከዋናው መንገድ ወርዶ በወፍጮ ቤቱ በኩል ታጠፈ። አጥሩን ሁሉ አውቀዋለሁ። ከአባቴ ጎረቤት ናት ማለት ነው ብዬ አሰብኩ፤ እዚያ ደርሼ እንኳ ያሰብኩት ይህንኑ ነው! ባሌ በአባቴ ቆርቆሮ በር ፊት ቆሞ፣ እንደ ቤተኛ በጎን እጁን አስገብቶ መወርወሪያውን ሲከፍት ነጠላዬን ከአፍንጫዬ አወረድኩ።

አባቴ ያስገባት ያቺ ሴትዮ ከጓሮ እንሰቱ መሀል ወጣች። አንድ እግሯን ትጎትታለች፤ ስድስት ዓመት አሳጥሯታል። እኔን ስታይ ባለችበት ቀረች። ከዚያ በወላይትኛ «ሳሮ» አለች፤ ሰላም ነሽ ወይ ማለቷ ነው። ባሌ እንዲገባው ብላም ሴቱን ከወንዱ በማትለይበት አማርኛዋ ቀጠለች፤

«ልጄ… አንተ ራስህ መጣህ?»

ያዘጋጀሁት ስድብ ሁሉ አፌ ውስጥ ነበር፤ ግን ለሌላ ሴት የተዘጋጀ ስድብ ነበር።

አባቴ በረንዳው ላይ ፀሐይ ይሞቃል። ዓይኖቹን ሞራ ሸፍኗቸዋል። ማንም አልነገረኝም ልል አሰብኩ፤ ማን ይንገረኝ፣ አፉን ያላስዘጋሁት ሰው አልነበረም። «አማቼ፣ አንተ ነህ?» አለ ወደ ኮቴው ዞሮ። ባሌ ጎንበስ ብሎ ጉልበቱን ሳመ፣ ፌስታሉን ጭኑ ላይ አስቀመጠለት። ከኪሱ አንድ ትንሽ ነገር አውጥቶ «ዕጣዎን ይቀበሉ» ብሎ መዳፉ ላይ አኖረለት።

ሰማያዊ አዝራር ነበር። ጠርዙ በጥርስ ተበልቷል፤ በእኔ ጥርስ። አንደኛ ክፍል ሳለሁ ከትምህርት ቤት ሹራቤ ተቆርጦ፣ አባቴ አንስቶ ኪሱ የከተተው፣ ከዚያ ወዲህ በየበዓሉ ዕጣው ያደረገው አዝራር። ለገናው ዕጣ ለባሌ አደራ ሰጥቶት ኖሯል። ልጄ «ሰማያዊ» ስትለኝ አንዴ እንኳ ትዝ አላለኝም።

አባቴ ቅጠሉን ፈቶ ሥጋውን በጣቱ ዳሰሰው። ሳቀ።

«ጉበት በዝቶበታል። ትናንት በስልክ ዕጣ የጣለችው የልጅ ልጄ ናት አላልከኝም? እንደ እናቷ ታጭበረብራለች ማለት ነው። እናቷ የኔን አዝራር ጥሩው ላይ ስታስቀምጥ ወንዶቹ እንዳይነቁባት ወሬ አመጣባቸው ነበር። ደግሞ እኮ ያላወቅሁባት ይመስላታል።» ሳቁ ቀስ እያለ ጠፋ። «ለመሆኑ ደህና ናት? ዘንድሮም ይህን የላከችው እሷ ናት?»

ባሌ ዓይኑን ወደ እኔ አነሳ። ያኔ ገባኝ። ስድስት ገና ሙሉ ሥጋውን ያደረሰው በእኔ ስም ነው። አባቴ የታረቅሁት መስሎት፣ ሥራና ልጅ ይዞኝ የቀረሁ መስሎት፣ ከመደቡ በልቷል። አንድ ቃል ብናገር ውሸቱ ይፈርሳል። ውሸት እንደማልወድ ደግሞ ሶዶም ገሱባም ያውቃል።

«አዎ፣ አዋ» አልኩ፤ በእኛ ቋንቋ አባትን የምንጠራው እንደዚህ ነው። «እኔ ነኝ የላክሁት።»

እጁ ሥጋው ላይ እንዳለ ቆመ። ቀና አላለም። ጉልበቱ ሥር ወድቄ አለቀስኩ። በእሱ አዝኜ፣ በባሌ ተናድጄ፣ በራሴ አፍሬ አለቀስኩ፤ የትኛው እንደበለጠብኝ አላውቅም። እሱም በደም የራሰ እጁን ረስቶ ፀጉሬን ደባበሰኝ።

ሴትዮዋ ቤት ገብታ ወጣች። ባሌ አጠገብ ጥቅል አኖረች፤ የታጠበ የእንሰት ቅጠል፣ በቃጫ የታሰረ፣ የቃጫው ጫፍ ወደ ውስጥ የተሸጎጠ። «የዘንድሮ ትንሽ ነው፣ ላሟ ነጥፏል» አለችው እንደ ይቅርታ።

ከዚያ ጆግና ሳህን ይዛ ልታስታጥበን መጣች። ለአባቴ አፈሰሰችለት። ለባሌ አፈሰሰችለት። እኔ ጋ ስትደርስ ጆጉን ዘንበል አድርጋ ያዘችና ቆመች፤ አላፈሰሰችም። መሐላዬን ስምል ሰምታኛለች፤ እዚሁ በረንዳ ላይ ነበር የማልኩት። ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ ጠበቀችኝ።

እጄን ዘረጋሁላት።