አንተ የተባለ አበልጅ

ዴያኒራን በከተማችን በቦካ ማንሳ በስሟ የሚጠራት ሰው አልነበረም፤ ሁሉም ተርቧ ነበር የሚላት። ስሙ የወጣላት በልጅነቷ ነው። የስኳር ፋብሪካው ሚዛን ጠባቂ የአባቷን አገዳ አሳንሶ ሲመዝን ደርሳ እጁን ነከሰችው። ነክሳም አልለቅም አለች ይባላል። አባቷ በሰው ፊት በአገዳ ገረፋት፤ ቤት ሲገባ ግን ለብቻው ሲስቅ እናቷ ሰማችው። እንግዲህ ቁጣ ያደገችበት ነገር ነው። ሌላው ሰው ዝናብ ሲመጣ መስኮት እንደሚዘጋ፣ እሷ ግፍ ሲመጣ አፏን ትከፍታለች።

ያገባችው ሊዮንሲዮን ነው። ዝምተኛ ሰው ነበር። እግዜር ከአፉ የነሳውን በእጁ ላይ ጨምሮለት ቤዝቦል ተጫዋች ሆነ። ያን ጊዜ ባቡሩ ገና ከሜዳው አጥር ጀርባ አገዳ ጭኖ ያልፍ ነበር። ሊዮንሲዮ የመታት ኳስ አጥሩን ዘላ አገዳው ላይ ትወድቅና እስከ ፋብሪካው ትሄዳለች። በዚያ ዘመን ስኳሩ ውስጥ የኳስ ክር ተገኘ እየተባለ ይቀለድ ነበር። ጥቂት በጋ ወደ ሰሜን፣ በባዕድ አገር ወዳለው ትልቅ ሊግ ወስደውት ነበር፤ ጉልበቱን ሰብሮ ተመለሰ። የእኛ ጨዋታ በሚደረግበት በክረምት ክረምት ግን ምንጊዜም የእኛው ነው፤ ለከተማችን ክለብ፣ ለሸርጣኖቹ፣ ሳይጫወት የቀረበት ክረምት አይታወስም። ዴያኒራ ቀን የኮኮናት ከረሜላ ትሸጣለች፤ ማታ ማታ ሜዳ ገብታ ባሏን ከሚሰድብ ሁሉ ጋር ትጣላለች። ኑሯቸው ይህ ነበር፤ ደግ ኑሮ ነበር።

አሁን ስለ ራዳሜስ ልንገራችሁ፤ ነገሩ ሁሉ የሚዞረው እሱ ላይ ነው። ራዳሜስ የሊዮንሲዮ አብሮ አደግ ነው። ከአንድ ጓሮ ማንጎ ሰርቀው አብረው የተገረፉ፣ ከወተት ካርቶን ጓንት ሠርተው ኳስ የተማሩ ናቸው። ሲሰዳደቡ የሰማ መንገደኛ የተጣሉ መስሎት ሊገላግል ይገባ ነበር። የሊዮንሲዮ ልጅ ዮካስታ ተወልዳ ራዳሜስ ክርስትና ያነሣት ቀን ግን ይህ ሁሉ ቀረ። ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ሲወጡ አንደኛው «እርስዎ ይቅደሙ» አለ፤ ሌላውም «የለም፣ እርስዎ» አለ። ሁለት የማንጎ ሌቦች በር ላይ ቆመው ሲገባበዙ ሕዝቡ መውጫ አጣ።

በእኛ ዘንድ አበልጅ ከወንድም ይበልጣል። አበልጅ አበልጁን አንተ አይለውም፤ በጥቅም አይከራከረውም፤ የጠየቀውንም እንቢ አይለውም። ተቀያይመው የሞቱ አበልጆች በወዲያኛው ዓለም እንደ ሁለት ድንጋይ ሲፋጩ ይኖራሉ፣ ነጎድጓድም የእነሱ ድምፅ ነው ትል ነበር የዴያኒራ እናት።

ራዳሜስ መጫወቱን ቀደም ብሎ ተወና ክለቡ ውስጥ ተጫዋች የሚያስፈርም ሰው ሆነ። ማን ይቅር፣ ማን ይሰንብት፣ ማን ስንት ያወጣል የሚለው በእሱ አፍ ነበር የሚነገረው። የክለቡ ባለቤት ዋና ከተማ ተቀምጦ ይወስናል፤ ራዳሜስ ቤት ለቤት ዞሮ ያስፈርማል።

የማዕበሉ ወራት ሊያበቃ፣ የጨዋታው ጊዜ ሊገባ ሲል ነው። ዴያኒራ ስኳር ልትገዛ ሱቅ ሄዳ ቆማ ሳለ ሬዲዮው ላይ የባሏን ስም ሰማች። ዘንድሮ የአንጋፋው የሊዮንሲዮ የስንብት ዓመት ነው አለ ለፍላፊው፤ በየከተማው በክፍት መኪና እየዞረ ሕዝቡን ይሰናበታል። ደጅ ላይ ዶሚኖ የሚጫወቱት ሽማግሌዎች ድንጋያቸውን ይዘው ቀሩ። አንዱ ቀስ ብሎ ባርኔጣውን አነሣላት፤ ሬሳ ያለፈ ይመስል።

«ባሌ ሞተ እንዴ?» አለችው። «ባርኔጣህን መልስ፣ መላጣህን ፀሐይ እንዳያነድልህ።»

ስኳሩንም ረስታ ወጣች።

ሊዮንሲዮ ጓሮ ነበር። ከአቮካዶው ዛፍ ላይ በገመድ ያንጠለጠላትን ኳስ በዱላ ይመታል። ጠየቁህ ወይ አለችው። አልጠየቁኝም አለ። ሬዲዮውን ሰምተሃል ወይ አለችው። ሰምቻለሁ አለ፤ ኳሷንም መታት። እሑድ አበልጄ ይመጣሉ፣ ያኔ እንነጋገራለን አለ።

እዚህ ላይ ነው አንጀቷ የተቃጠለው። እሷ ዕውር አልነበረችም። ፈጣን ኳስ ሲመጣ የባሏ ዱላ ከኋላው እንደጠሩት ሰው ዘግይቶ መዞር እንደ ጀመረ አይታለች። ጧት ከአልጋ ሲነሣ ጉልበቱ እንደ አሮጌ በር ሲንቋቋ ሰምታለች። ክለቡ «አርጅተሃል፣ አንፈልግህም» ብሎ ፊት ለፊት ቢነግረው አንድ ቀን ተራግማ ትተወው ነበር። ያናደዳት ማርጀቱ አይደለም፤ በቁሙ ተዝካር መደገሱ ነው። ከዚያ ደግሞ የባሰው፣ ለተዝካሩ ካህን አድርገው ራዳሜስን የመረጡበት ምክንያት ነው።

«ሌላ ሰው ቢልኩብህ ትከራከር ነበር» አለችው። «እሱን የመረጡት አፍህን ሊሰፉት ነው።»

«አበልጄን በክፉ አታንሺ» አለ ሊዮንሲዮ።

እሷ ግን የባሏን ልብ ታውቀዋለች። አንድ ዓመት ብቻ ነበር የሚፈልገው። ዱላ ይዞ፣ ቆሞ፣ እንደ ሰው ተፈርቶ የሚጫወትበት አንድ ዓመት። እሑድ «እሺ» ካለ ያ ዓመት የለም፤ «እንቢ» ደግሞ ማለት አይችልም።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ራዳሜስ በተተኮሰ ነጭ ሸሚዝ መጣ። ደህናው ተወዛዋዥ ወንበር ወጣለት፤ የሁመር ጭማቂ በበረዶ ቀረበለት። ከዚያ የአበልጆቹ ወግ ተጀመረ። እግርዎ እንዴት ነው፤ ይመስገን፣ የእርስዎስ ደም ብዛት፤ ጨው ትቻለሁ አበልጄ፤ ደግ አደረጉ አበልጄ። ዴያኒራ ማድቤት ውስጥ ኮኮናት እየፈቀፈቀች ትሰማለች። ከጨው በኋላ ዝናብ መጣ፣ ከዝናብ በኋላ የዮካስታ ትምህርት፤ ከዚያ በኋላ ነው ወረቀቱ ከኪስ የወጣው።

ራዳሜስ በለሰለሰ ድምፅ አስረዳ። ክለቡ ለሊዮንሲዮ ያለውን ክብር ማሳየት ይፈልጋል። ገንዘቡ እንደ አምናው ነው፣ አንዲት ሳንቲም አይጎድልም። መኪናው ተዘጋጅቷል፣ አበባውም እንደዚሁ። መለያውን ለብሰው ይቀመጣሉ፣ ሕዝቡ ሲጠራዎት ቆብዎን ያውለበልባሉ፤ መምታት ግን አይጠበቅብዎትም፣ ይረፉ፣ ብዙ ደክመዋል አለ።

ወንበሮቹ ጥቂት ተወዛወዙ።

«እርስዎ ካሉ፣ አበልጄ» አለ ሊዮንሲዮ። እስክሪብቶውንም ተቀበለ።

ዴያኒራ መፈቅፈቂያውን እንደ ያዘች ወጣች፤ እጇ እስከ ክርኗ ኮኮናት ነው።

«ራዳሜስ» አለች። «አንተን ነው። ባሌ ይመታል ወይስ አይመታም? አፍህን ሞልተህ ንገረው።»

ሁለቱም ወንበሮች ቆሙ። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል፤ የእሷ ግን ያመለጠ አፍ አልነበረም። ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ጀምሮ የታሰረውን ክር እያወቀች በጥርሷ በጠሰችው። በቦካ ማንሳ አበልጅዋን በገዛ ቤቷ፣ በሰጠችው ወንበር ላይ እንደ ተቀመጠ አንተ ያለች ሴት ከዚያ በፊት አልተሰማችም።

ራዳሜስ ፊቱ ቲማቲም መሰለ። አበልጄ፣ ምን ነካዎት አላት። ምንም አልነካኝም አለችው። ክለቡ የላከህ እንቢ የማይባል ሰው ፈልጎ ነው፤ አንተም ይህን ታውቃለህ፤ አውቀህ ነው ሸሚዝህን ተኩሰህ የመጣህ አለችው።

«ግቢ!» አለ ሊዮንሲዮ። በትዳራቸው ዘመን ድምፁን ከፍ ሲያደርግባት የመጀመሪያው ነበር። እንዲህ ሆኖም አልገባችም። ቆመች።

ራዳሜስ ጭማቂውን አንሥቶ እስከ ግማሽ ጠጣ፤ ብርጭቆውንም ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ። ቀና ሲል ዓይኑ የሌላ ሰው ሆኗል፤ ወይም የድሮው ሰው።

«አውቄ ነው የመጣሁት» አለ። ወደ ሊዮንሲዮም ዞረ። «ሊዮ፣ አትመታም። አልቆብሃል።»

እንግዲህ ይህን ያየ ሰው ምን ይላል። ሊዮንሲዮ እስክሪብቶውን ወለሉ ላይ ወረወረውና ተነሣ።

«አንተ የማንጎ ሌባ፣ ማን ነው ያለቀበት?»

ያ ሁሉ ዓመት በ«እርስዎ» ተሸፍኖ የከረመ ስድብ በአንድ ከሰዓት ወጣ። ጎረቤት አጥሩ ላይ ተንጠለጠለ። ራዳሜስ ከአምናው ካርኒቫል ወዲህ ፈጣን ኳስ መተህ አታውቅም አለው፤ ኳስ ወርዋሪዎቹ ሁሉ ነቅተውብሃል፣ ልጆቹ ከመንገድ ዳር ሆነው ይስቁብሃል። ስትሮጥ የተጫነች አህያ ትመስላለህ አለው። ሊዮንሲዮም አንተ ደግሞ ስትጫወት ኳስ ከጓንትህ እየወደቀ ሳሙና ይዘሃል ይሉህ ነበር አለ። ዴያኒራ በሕይወቷ ባሏ በአንድ ጊዜ ያን ያህል ሲናገር ሰምታ አታውቅም። ስሟ የወጣው ያለ ቦታው ነው፤ ተርቡ ባሏ ውስጥ ኖሮ ኖሮ ዛሬ ተነካ።

ስድቡ ሲደክም እውነቱ ወጣ። ሊዮንሲዮ ተቀመጠና ጉልበቱን እያሸ ተናገረ።

«መሮጥ አልችልም። ሙሉ ጨዋታ መቆም አልችልም። ፈጣኑም ኳስ አምልጦኛል፣ እኔ ራሴ አውቀዋለሁ፣ አንተ አትነግረኝም። ግን ጨዋታው ሊያልቅ ሲል፣ የእኛ ሰው ነጥብ ሊያገባ ቤዝ ላይ ቆሞ፣ ወርዋሪው ምራቁን መዋጥ ሲያቅተው፣ ያኔ የሚንቀጠቀጠው እሱ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም። አንዴ መምታት እችላለሁ። ለዚያች አንዴ ግዛኝ። ለመኪናው ሐውልት ግዛ።»

ራዳሜስ የስንብቱ ቲኬት ለከበርቴዎቹ ተሸጧል፣ ባለቤቱን ምን እለዋለሁ አለ። ዴያኒራ ገንዘባቸውን ይመልስላቸው በለው አለች። ራዳሜስ ቀና ብሎ አያት፤ መሳቅ ፈልጎ ያጣው ይመስል ነበር። ለአንዴ የሚሆን ሰው ብዙ አይከፈለውም፣ ከአምናው እጅግ ያንሳል አለ። ይነስ አለ ሊዮንሲዮ። ራዳሜስ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ።

በር ላይ ሲደርስ ዞረና ለስንብት አፉን ከፈተ። እርስዎ ሊል ነው፣ አንተ ሊል ነው፤ ሁለቱም እምቢ አሉት። ቆቡን ደፍቶ ሄደ።

ራዳሜስ ከክለቡ ባለቤት ጋር እንዴት እንደ ተነጋገረ የሚያውቅ የለም። በኋላ እንደ ተወራው ሥራዬን ውሰድ እስከ ማለት ደርሷል። ለመምታት የሚያስፈርም ሌላ ወረቀት ግን መጣ፤ ይዞት የመጣው የማያውቁት ሰው ነበር፤ ሊዮንሲዮም ፈረመ። ራዳሜስ ከዚያ ወዲያ ያን ቤት አልረገጠም። ለዮካስታ ልደት ስጦታ በሰው ላከ። ሁለቱ ወንዶች ሜዳ ላይ ሲገናኙ በአገጫቸው ሰላም ይባባላሉ፤ ወደ ማንጎው ዘመን ስድብም አልተመለሱ፣ ወደ ክርስትናው ቀን አክብሮትም። ሊዮንሲዮ ዴያኒራን ብዙ ቀን አላነጋገራትም። እሷም ይቅርታ አልጠየቀችም። ነጎድጓድ ሲጮህ ብቻ የእናቷን ነገር አስታውሳ መፈቅፈቂያውን ታስቀምጣለች።

ያን ክረምት ሊዮንሲዮ ተጠባባቂ ወንበር ላይ ብዙ ተቀመጠ። አንድ ምሽት ግን፣ ከወንዙ ማዶ ካለው ከተማ ጋር ስንጫወት፣ በመጨረሻው ዙር ሁለት ሰው ቤዝ ላይ ቆሞ ሳለ አሠልጣኙ ጠራው። ሜዳው በሙሉ ተነሣ። ባርኔጣ ተነሣ፣ መሐረብ ተውለበለበ። ዴያኒራ ብቻ ተቀምጣ ጥርሷን ነከሰች፤ ተዝካሩ እንደገና ተደገሰ ብላ።

ሊዮንሲዮ ሁለት ኳስ በትዕግሥት አሳለፈ። ሦስተኛዋ ወደ ውጭ የወጣች መጥፎ ኳስ ነበረች፤ ልጅ እንኳ አይነካትም። እሱ ቸኩሎ መታት። ኳሷ መሬት ለመሬት እየተንከባለለች ወርዋሪው እጅ ገባች፤ ሊዮንሲዮ እግሩን እየጎተተ ወደ ቤዙ መንገድ ላይ ሳለ ጨዋታው አለቀ።

ከዚያ ከላይ አንድ ሰው አፏጨ። ሌላው ተከተለ። ጡረታ ውጣ አለ አንዱ። ዴያኒራ አጠገብ የተቀመጠ አንድ ደግ ሽማግሌ አዘነለት፤ ተዉት እባካችሁ፣ ትልቅ ሰው ነው፣ በክብር ይሂድ እያለ ማጨብጨብ ጀመረ።

ዴያኒራ ዞረችበት።

«እጅህን ሰብስብ! ቀብር ነው የመጣኸው? ያችን ኳስ ለመታ ሰው ይጨበጨባል?»

ሽማግሌው እጁ አየር ላይ ቀረ። እሷም ተነሥታ ሁለት ጣቶቿን አፏ ውስጥ ከተተችና በባሏ ላይ አፏጨችበት፤ ጆሮ የሚበጥስ፣ ረጅም፣ የንዴት ፉጨት። ሊዮንሲዮ ዱላውን እየጎተተ ወደ ወንበሩ ሲሄድ ሰማው፤ የማን እንደሆነም አወቀ። ቆም ብሎ ወደ እሷ ቀና አለ። ፊቱ በንዴት ጠቁሯል፤ ዱላውን መሬት ላይ ጣለና ጡጫውን አሳያት። እሷም ሳትቀመጥ እንደገና አፏጨች።