ያላሻገርኳቸው ልጆች

ቡታጅራ ውስጥ ባለ የግል ትምህርት ቤት ሥራ በጀመርኩበት ቀን፣ ርዕሰ መምህሩ ጠመኔ፣ የስም መጥሪያ መዝገብና ፊሽካ ሰጡኝ። ጠመኔውና መዝገቡ ገባኝ። «ፊሽካው ለምንድን ነው?» አልኳቸው።

«የጂኦግራፊ መምህርት አይደለሽም? ጉብኝት ያንቺ ነው» አሉኝ።

ስለ አገር ማስተማርና የሌላ ሰው ልጆችን ይዞ አገር ለአገር መዞር አንድ ሥራ መስሏቸው ነበር። እኔም ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ አላረምኳቸውም።

የተማሪዎች ጉብኝት አስተባባሪ ሲባል ትልቅ ማዕረግ ይመስላል። ሥራው ግን በአብዛኛው ፌስታል ማደል ነው። መኪናው ከከተማ ሳይወጣ አንዱ ያስመልሳል፤ እሱን ያየ ይከተላል። ሎሚ፣ ሶፍት፣ ፌስታል፣ የስም ዝርዝር ሳልይዝ ወጥቼ አላውቅም። ልጆቹ ሲሳፈሩ፣ ሲወርዱ፣ ሽንት ቤት ደርሰው ሲመለሱ በስም ይጠራሉ። ራስ ብቻ የሚቆጥር መምህር አንድ ቀን የሌላ ትምህርት ቤት ልጅ ይዞ ይገባል።

ከሁለት ዓመት በፊት ግን የደሴት ጉዞ መጣብን። ሥራ አስኪያጃችን አቶ ሙሉጌታ ማርኬቲንግ የተማሩ ወጣት ናቸው። ወልቂጤ አሳትመው ያመጡት ባነር ላይ የኮኮናት ዛፍ፣ ነጭ አሸዋና ሰማያዊ ባሕር ነበር። «የትሮፒካል ደሴት ጉብኝት» ይላል። የምንሄደው ዝዋይ ሐይቅ ላይ ወዳለች ደሴት ነው።

«እዚያ ኮኮናት የለም» አልኳቸው።

«ቲቸር አስቴር፣ እኛ ትሮፒክ ውስጥ አይደለንም እንዴ?»

ነን። ደብረ ብርሃንም በብርድ እየተንቀጠቀጠ ትሮፒክ ውስጥ ነው። ይሄን ብነግራቸው ለከርሞ ደብረ ብርሃንን በኮኮናት ያስጌጧታል ብዬ ተውኩት።

ሐይቁ ጠዋት ጠዋት ጸጥ ይላል፤ ወደ ቀትር ነፋስ ይነሳል። ስለዚህ ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ለመድረስ፣ አርባ አራት የሰባተኛ ክፍል ተማሪዎችን ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ አሳፍሬ ወጣሁ። ዕቅዴ እንከን አልነበረውም። መንገዱ በቆሼ ከተማ በኩል መሆኑን ብቻ ረስቼ ነበር።

ቆሼ ስንደርስ አንዲት ሴት መንገድ መሃል ቆመው አውቶብሱን አስቆሙት። የተማሪዬ የሀያት አክስት ወይዘሮ ዘይነባ ናቸው፤ መምጣታችንን ከልጅቷ ሰምተዋል።

«አሰላሙ ዓለይኩም። ልጆቹ ይውረዱ» አሉ።

«ወይዘሮ ዘይነባ፣ ጀልባው ያመልጠናል።»

«የእህቴ ልጅ በደጄ አልፋ ስትሄድ ጎረቤት ምን ይለኛል?»

«እንግዲያው ሀያት ብቻ ወርዳ ሰላም ትበልዎት።»

«እሷ ስትበላ ጓደኞቿ በመስኮት ሊያዩ ነው?»

ለካ ሰፈሩ ተባብሮ ለሁሉም ቆጮ፣ አይብና ጎመን አቅርቦ ኖሯል። «ሥጋ አላስነካሁትም፤ እስላሙም ክርስቲያኑም ከአንድ ትሪ እንዲበላ ብዬ ነው» አሉኝ። ለዚህ ምን ይመለሳል? እኔም ጉራጌ ነኝ፤ ይሉኝታ ያዘኝ። «ትንሽ ቅመሱ» ተብሎ ተወረደ። ትንሹ ከሁለት ሰዓት በላይ ወሰደ፤ እኔ ራሴ አይቡን ሁለቴ አስጨምሬያለሁ። ጥፋቱ የተጀመረው እዚያ ትሪ ላይ ነው፤ ጥፋተኛዋም እኔ ነኝ።

ሐይቁ ዳር ስንደርስ ስድስት ሰዓት ሊሆን ምንም አልቀረው። ማዕበሉ ዳርቻውን ይደበድባል። ጀልባ ነጂውን ስንት ላይፍ ጃኬት እንዳለው ጠየቅኩት።

«አሥራ አንድ። በጠዋት ብትመጡ አራቴ አመላልሳችሁ ነበር። አሁን በዚህ ነፋስ አንዴ ብቻ ነው የምሄደው። ሁሉም ይግቡ፤ እኛ ለምደነዋል» አለኝ።

የለመደው እሱ ነው። ወደ ልጆቹ ዞሬ ዋና የሚችል እጁን ያውጣ አልኩ። ሦስት እጅ ወጣ። አንደኛው ሽንት ቤት ለማስፈቀድ ነበር።

በዚህ መሃል አቶ ሙሉጌታ ደወሉ። «ቲቸር፣ ፎቶውን እየጠበቅን ነው። ገጻችን ላይ ልንለቀው ነው።»

«ነፋስ ተነስቷል። ለአርባ አራት ልጅ ያለው ጃኬት አሥራ አንድ ነው።»

መፍትሔ አላጡም። «ከፊት የሚቀመጡትን ብቻ ቢያለብሷቸውስ? ፎቶው ላይ የሚታዩት እነሱ ናቸው።»

እውነቱን ልናገር፣ ፈርቼ ነበር። የግል ትምህርት ቤት መምህር በአንድ ደብዳቤ እንደሚሰናበት አውቃለሁ። ቤት ውስጥ ደግሞ ከእኔ ደመወዝ ሌላ የሚገባ ነገር የለም። ቢሆንም ንዴቴ ከፍርሃቴ በለጠ።

«ከኋላ የሚቀመጡትን እርስዎ ይምረጡልኝ» አልኳቸው። «ዝርዝሩ እጄ ላይ ነው፤ አንድ በአንድ ላንብብልዎት።» ከላይ ጀምሬ ከነአባት ስማቸው ጠራሁላቸው። ዘጠነኛው ላይ ስልኩ ተዘጋ።

ልጆቹን ዳር ላይ አስቀምጬ ዓሣ አስጠብሼ አበላኋቸው፤ ደሴቲቱን በጣቴ አሳየኋቸው። አለቀሱ። አንዱ «ይሄንንማ በካርታም እናየዋለን» አለኝ፤ ልክ ነበር። ሀያት እስከ ቡታጅራ ድረስ አላናገረችኝም።

ትምህርት ቤቱ በር ላይ የሀያት እናት ጠበቀችኝ። «ቲቸር፣ ደሴት ብላችሁ አልነበር? ልጄ ዓይኗ እስኪያብጥ አልቅሳለች። ለምን አላሻገሩልኝም?»

ያስረፈደን የእህትሽ ቆጮ ነው ልላት ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። እኔም የበላሁት ነውና ዋጥኩት።

«አላሻገርኳትም» አልኳት። «ግን ይኸው መልሻታለሁ።»

መልሱ አልጣማትም። ልጇን እጇን ይዛ ሄደች። በቀጣዩ ሰኞ አቶ ሙሉጌታ ቢሮ አስጠርተው፣ በታላቅ ትሕትና፣ «ለወጣቶች ዕድል እንስጥ» አሉኝና አስተባባሪነቱን ወሰዱት። ያመሰገነኝ ሰው አልነበረም፤ ያልደረሰ አደጋ ምስክር የለውም። ከፍቶኝ ነበር፤ አሁንም ሳስበው ይከፋኛል።

ከእኔ በኋላ ለምትመጡ መምህራን የምለው ይሄን ነው። ጃኬቱን ሳትቆጥሩ ልጅ ጀልባ ላይ አታውጡ። ካልበቃ ቅሩ። ልጆቹ ያለቅሳሉ፣ ወላጅ ይቆጣል፣ አለቃ ሥራችሁን ይነጥቃችኋል፤ ይሄ ሁሉ ያልፋል። አርባ አራት ወስዳችሁ አርባ ሦስት ከመለሳችሁ ግን አያልፍም።