ቫርኒሽ የተቀባው ወስፌ

አዎ፣ ቀንቻለሁ። ያውም በወስፌ!

እናቴ ለእንጦጦ ማርያም የተሳለችው መሶብ ለንግሷ መድረስ ነበረበት። ቁርጥማት ግን ጣቶቿን ቆልምሞባት፣ ቀጭኗን የስፌት ወስፌ መጨበጥ አቃታት። እኔ ደግሞ እዚሁ የካ፣ እንጨት ሥራ ቤት ነው የምውለው። ለእናቴ ያልሆነ ሙያ ለማን ሊሆን ነው ብዬ፣ ከወይራ ወፍራም እጀታ ጠረብኩ፤ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሼ፣ ቫርኒሽ ቀብቼ ወስፌውን ተከልኩበት። መስታወት አስመሰልኩት። «እሰይ የኔ ልጅ! እጅሽ ይባረክ» አለችና ቡፌው ውስጥ ከብርጭቆዎቹ ጎን አስቀመጠችው።

በሳምንቱ ጎረቤታችን፣ ከሐዋሳ ተዛውራ የመጣች አስተማሪ፣ ተራ ወስፌ ላይ ከሾላ ገበያ ያገኘችውን የከመነዳሪ ጎማ ቁራጭ ጠቅልላ አመጣችላት። ድብልብል ያለ አስቀያሚ ነገር! እናቴ በሱ መስፋት ጀመረች። ያቺ ሴት ከትምህርት ቤት መልስ ከጎኗ ትቀመጣለች፤ ሲሳሳቁ ከደጅ እሰማለሁ። የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል አሉ፤ ጎረቤት ሲያመጣው ግን ወርቅ ነው!

አንድ ቀን ጠዋት ያንን ባለጎማ ወስፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ሥራ ሄድኩ።

ስመለስ እናቴ በኔው ወስፌ እየሰፋች ነበር። አውራ ጣቷ በጨርቅ ታስሯል።

«ምን ሆንሽ እማዬ?»

«ያኛው ጠፋብኝና ያንቺን አወጣሁት። አዳልጦኝ ወጋኝ እንጂ ጥሩ ነው።»

«እንዴት ያዳልጣል?» ማፈር ሲገባኝ ተቆጣሁ።

«ስንደዶው በውሃ ይነከር የለ እንዴ? ስሰፋ እጄ መቼ ደርቆ ያውቃል? አንቺ አንድ ቀን ከጎኔ ቁጭ ብለሽ አላየሽኝ፣ በምን ታውቂዋለሽ።» ድምጿ ውስጥ ቁጣ አልነበረም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ባለጎማውን ከቦርሳዬ አውጥቼ ጭኗ ላይ አስቀመጥኩት። አየችው፤ አየችኝ።

በማግስቱ ቁስሏ አላስነካ አላት፤ ንግሡ ደግሞ ደርሷል። ሥራ ቀረሁና እሷ እያሳየችኝ እኔ መስፋት ያዝኩ። በረጠበ እጄ የራሴን ወስፌ ስጨብጠው እንደ ሳሙና አመለጠኝ። የጎረቤታችንን አነሳሁ። መዳፌ ላይ ልክክ አለ፤ እንዴት እንደተናደድኩ!

ያቺ ሴት እንደልማዷ መጥታ በሩ ላይ ቆመች። «ላግዛችሁ?» አለች። የሷኑ ወስፌ እንደጨበጥኩ ከእናቴ ጎን ንቅንቅ አላልኩም።

መሶቡ ለንግሷ ደረሰ። ክዳኑ ላይ ያለው ጠማማ ዙር የኔ ነው።