ወዝ መስሎኝ

ልጄ ሰላም ባለፈው እሑድ ከመንገድ ዳር በሸክላ የተተከለ የጎማ ዛፍ ገዝታ መጣች። ሳሎን መስኮቱ ሥር አስቀመጠችውና፣ «አባዬ፣ ወዙን እየው እስቲ» አለችኝ። ቅጠሉ እውነትም ያበራል። ጣቴን አሳረፍኩበት፤ ተጣበቀ። ገለበጥኩት። በመሃል ጅማቱ ግራና ቀኝ ምስር የሚያካክሉ ቡናማ እብጠቶች ተደርድረዋል።

«ይሄ ወዝ አይደለም» አልኳት። «ተበልተሻል።»

እሷ ሳቀች። እኔ ሳቅ አልመጣልኝም።

ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ከፒያሳ ወደ እሪ በከንቱ በሚወርደው ቁልቁለት ላይ፣ የእንጨት ሰገነት ባለው አሮጌ ቤት፣ እትዬ አሰለፈች የሚባሉ ባል የሞተባቸው ሴት ይኖሩ ነበር። እኔ ውሃ እቀዳለሁ፣ እንጨት እፈልጣለሁ፣ ጣሪያው ሲያፈስ እደፍናለሁ። እሳቸው ደግሞ ያበሉኛል፤ ከሰገነቱ ሥር ያለችውን ክፍልም ሰጥተውኛል። ቤቱ አሁን የለም። ሰፈሩም የለም። በቀደም ሄጄ ነበር፤ የት ጋ እንደቆምኩ የሚነግረኝ አጣሁ። መንገዱ ሰፍቷል፣ መብራቱ በዝቷል፤ ይመቻቸው።

ያኔ ፊደል አልቆጠርኩም። ግን የአራዳ ልጅ ነኝ ባይ ስለነበርኩ ጋዜጣ ብብቴ ሥር አጥፌ ነበር የምዞረው። ደጃፉ ላይ ዘርግቼ ቅንድቤን ሰብሰብ አደርጋለሁ። ማንም አላወቀብኝም ብዬ አምን ነበር። የሰፈሩ ሰው ደብዳቤ ሲመጣለት ከታች ወዳለው ባለሱቅ ወደ ጋሼ ሽኩር ወርዶ ነው የሚያስነብበው፤ ሽማግሌውም ወታደሩም። እኔ ግን አንድ ቀን ሄጄ አላውቅም። አለማወቅ ብቻውን አይገድልም፤ ኩራት ሲጨመርበት ነው።

ሰገነቱ ላይ በትልቅ የዘይት ቆርቆሮ የተተከለ የጎማ ዛፍ ነበር። የተከሉት የእትዬ ባል ናቸው። እትዬ በየጠዋቱ ቅጠሉን በእርጥብ ጨርቅ እየጠረጉ፣ «ወዝህ ደህና ነው ዛሬ» ይሉታል፣ ባላቸውን እንደሚያናግሩ። «ከሱ የቀረኝ በሕይወት ያለ ነገር ይሄ ብቻ ነው» ሲሉ ሰምቻለሁ።

ሐምሌ ሲጋመስ የጉልበታቸው ሕመም ጠናባቸውና ጸበል ለመግባት ወደ እንጦጦ ተነሡ። ፍልሰታንም እዚያው ሊጾሙ ነው።

«ወልዴ፣ ዛፉን አደራ» አሉኝ። አራት ላይ የታጠፈ ወረቀት ሰጡኝ። «የሚደረገው ሁሉ እዚህ አለ።»

ከፈት አድርጌ አየት አየት አደረግኩና ራሴን ነቀነቅኩ። ዓይናቸው ፊቴ ላይ ቆየ።

«የከበደህ ነገር ካለ ወደ ሽኩር ውረድ።»

«ምን ይከብደኛል፣ እትዬ?»

ወረቀቱ ኪሴ ገባ።

የፒያሳ ክረምት ጭቃና የተጠበሰ በቆሎ ነው። ከሰሉ ፊት ቆሜ እጄን እያሞቅኩ አንዱን ራስ በቆሎ ለሁለት ሰዓት እግጠው ነበር። ዛፉን ዝናቡ እንዳይመታው ከሰገነቱ ጥግ አስጠጋሁት። ብዙም ሳይቆይ ቅጠሉ ማብራት ጀመረ። ደስ አለኝ። ሥሩ ያለው ሳንቃ ሳይቀር ያበራል፤ ስረግጠው ጫማዬን ይይዘኛል። ጉንዳን በግንዱ ይወጣል፣ ይወርዳል፤ ጉንዳን የት አይሄድም? እብጠቶቹንም አይቻለሁ። የዛፉ ጉጥ መስለውኝ ነበር።

ነሐሴ ላይ ቅጠሉ ጥላሸት ለበሰ። የመኪና ጭስ ነው ብዬ ጠረግኩት፤ አልለቅ አለ። ወዙ ጠፋ። እትዬ ሊመጡ ነው። ራስ ሲደርቅ ምን ይደረጋል? ቅቤ ይቀባል። ጾም ስለሆነ የቤቱ ቅቤ ያለ ሥራ ተቀምጧል። አወጣሁና እያንዳንዱን ቅጠል ቀባሁት። ለሁለት ቀን እንደ ሙሽራ አማረበት። ከዚያ ቢጫ ሆነ፤ ከዚያ መርገፍ ጀመረ፤ ጠረኑ ደግሞ አይነሣ።

ጋሼ ሽኩርን የጠራሁት ያኔ ነው። ስለ ወረቀቱ ግን ትንፍሽ አላልኩም።

«ቅቤ ነው ይሄ?» አለ እያሸተተ። «ዛፉን ልትድረው ነው እንዴ?»

አንዱን ጉጥ በጥፍሩ ቧጠጠው። ተላቀቀ፤ ሥሩ እርጥብ ነው።

«ይቺ ተባይ ናት። ቅርፊቷን ተከናንባ እንደ መዥገር ትመጥጣለች። ያ ስታደንቀው የከረምከው ወዝ ምን መሰለህ? ኩሷ ነው። ጉንዳኑ እሱን ሊልስ ነው የሚመላለሰው፤ ጥላሸቱም እሱ ላይ ነው የሚበቅለው።»

«ምን ይሻላል፣ ጋሼ?»

«ጥጥ በአረቄ ነክረህ አንድ በአንድ ንቀል። ከዚያ በሳሙና ውሃ እጠብ፤ በሳምንቱ ድገም፤ የቀሩት እንቁላሎች ይፈለፈላሉና። አረቄ እኔ ዘንድ የለም፤ ከጠጅ ቤቷ ሴትዮ ውሰድ። ለዛፍ ነው በላት፣ ካመነችህ።»

ሁለት ሳምንት ለቀምኩ፣ አጠብኩ። የደረቀውን ቅርንጫፍ ቆረጥኩ። ጳጉሜን ላይ እትዬ ሲመለሱ የቀረው ጉቶ መሳይ ግንድና አራት ቅጠል ነበር።

ነጠላቸውን ሳያወልቁ ፊቱ ቆሙ።

«ወረቀቱን አንብበኸው ነበር?»

«አዎ፣ እትዬ።»

«ካነበብከውማ አውቀህ ነው እንዲህ ያደረግኸው ማለት ነው።»

ጠበቁኝ። አላነበብኩም፣ አልችልም ማለት ይበቃ ነበር። ሁለት ቃል። ክፉ መባል ከመሃይም መባል ተሻለኝና፣ «እንደፈለጉ ያስቡት» አልኳቸው።

«ዛፍ ያቆጠቁጣል» አሉ። «የሚዋሸኝ ሰው ግን ቤቴ አያድርም።»

የቱን ውሸት እንዳሉኝ አልገባኝም። በማግስቱ ጨርቄን ጠቅልዬ ወጣሁ።

ፊደል የቆጠርኩት ሠላሳን አልፌ ነው፣ ታናናሾቼ ከሚሆኑ አስተማሪዎች ፊት አግዳሚ ላይ ተኮልኩዬ። ያን ወረቀት ግን አልጣልኩትም ነበር። ሆሄያቱ ሲገጣጠሙልኝ አንድ ከሰዓት ሙሉ ፈጀሁበት።

«ሽኩር ወንድሜ፣ ልጁ ማንበብ አይችልም። ያወቅሁበት እንዳይመስለው ራስህ እንዳሰብከው አድርገህ ንገረው። ቅጠሉ ሲያጣብቅ ወዝ አይደለም፤ ገልብጦ ይይ። አምናም ይዞት ነበር፤ በሳሙና ውሃ ይጠበው።»

ለእኔ የተጻፈ እንኳ አልነበረም። ሄጄ ብፈልጋቸው እትዬ ዐርፈዋል። ዛፉን ማን እንደወሰደው የሚያውቅ አላገኘሁም።

በዚያው እሑድ ዕለት የሰላምን ዛፍ በረንዳ ላይ አውጥቼ፣ ጥጥና አልኮል አስቀርቤ ተቀመጥኩ። እሷ ስልኳን ይዛ አጠገቤ ቁጢጥ አለች።

«አባዬ፣ ምን እንደሚደረግ እዚህ ተጽፏል። ላንብብልህ?»

የሚደረገውን ከማንም በላይ አውቀዋለሁ። መነጽሬም ደረት ኪሴ ውስጥ ነበር።

«አንብቢልኝ» አልኳት።