ከሸክላ ሠሪዋ ባና ሥር

ሞላሌ ገበያ፣ ከእህል ተራው ራቅ ብላ፣ ብቻዋን የምትቀመጥ ሸክላ ሠሪ አለች። ስሟን ጠይቆ የሚያውቅ የለም። ጥቁር የሱፍ ባና ደርባ፣ ጭቃ የደረቀባቸውን ጣቶቿን ሰው ሲመጣ ጉያዋ ውስጥ ትደብቃለች። ሰዉ ድስቷን ይገዛል፣ ወጡን ይሠራበታል፤ ከእጇ ግን ቁራሽ አይቀበልም። ቡዳ ናት ይላላ!

ሰሞኑን አጠገቧ አንዲት ሕፃን አለች። እናቷ ትሁን ሌላ፣ ገበያ መሐል ጥሏት የሄደው ሰው አልተገኘም። ልጅቱ ስታለቅስ ስንቱ ቀሚሷን ረግጦ አለፈ! ባለፈው ሰሞን እዚሁ ሜዳ ላይ ካድሬው ስለ እኩልነት ሲሰብክ እጁ እስኪቀላ ያጨበጨበው ሁሉ፣ ያን ዕለት "የማን ዘር ትሆን?" እያለ አለፈ። ይህች ሴት ብቻ ባናዋን ገልጣ አስገባቻት።

ዛሬ ልጅቱ ከሸክላ ሠሪዋ መዳፍ የገብስ ቆሎ ስትቅም፣ ነጠላዋ የነጣ አንዲት እመቤት አየቻትና ጮኸች።

"አንቺ ልጅ! ነይ ውጪ ከዚያ፣ ትበላሻለች!"

አሁን ገና ልጅቱ ለሰው ታየች!

ሸክላ ሠሪዋ ቀና አለች። "እንግዲያው ይውሰዷት፣ እመይቴ። የእርስዎ ቤት ይሞቃል፤ እኔ ያለኝ ቆሎ ነው" አለች። እጇ ግን ልጅቱን በባናው ላይ ጥብቅ አድርጎ ይዟል።

እመቤቲቱ ነጠላዋን አስተካከለች። ወዲያ ወዲህ አየች። ከዚያ ጎንበስ ብላ አንዱን ድስት በጣቷ ኳ ኳ አደረገችና፣ ስንጥቅ እንዳይኖረው አዳመጠች።

"ይሄ ስንት ነው?" አለች።