እናቴ ሞግዚቴ ሳለች

በጥቅምት ማለቂያ እናቴን ልጠይቅ ወደ ሱሉልታ ስሄድ፣ ድርቆሽ ተራራ አሳክለው የጫኑ አይሱዙዎች ከፊት ለፊት ይመጣሉ፤ የታክሲውን መስኮት ከፈት ሳደርገው ያ ፀሐይ የጠገበ የሣር ሽታ ይገባና፣ ከአጥራችን ማዶ ወደነበረው ወደ አዴ ድንቄ ጓሮ ይወስደኛል። ያኔ ስሜ ኮሲ ነበር።

ኮሲ በኦሮምኛ ጥራጊ፣ የቤት ቆሻሻ ማለት ነው። ሰፈሩ ሁሉ በዚሁ ስም ይጠራኝ ነበር፤ ማንም ሊሰድበኝ ብሎ አልነበረም፣ እኔም ስድብ ይሆናል ብዬ አስቤ አላውቅም። አብሬያት የማድረውን፣ ጠጉሬን የምትሠራኝን፣ ሲያመኝ አዝላኝ የምትንጎራደደውን ሴት «እትዬ» እላት ነበር፤ ወፍጮ ቤት የነበረውን፣ ማታ ማታ ቅንድቡ ድረስ ዱቄት ለብሶ የሚገባውን ባሏን «ጋሼ»። ከአጥር ማዶ ላሞች የምታረባውን አዴ ድንቄን ግን «አዮ» ነበር የምላት፤ እማዬ እንደ ማለት ነው።

ክረምት ሲሆንና ሜዳው ላይ ውሃ ሲተኛ፣ አዴ ድንቄ ጫማዋን በእጇ ይዛ፣ ቅቤ በቅጠል ጠቅልላ፣ ጭቃውን እየረገጠች ትመጣና ደጃፋችን ላይ ትቆም ነበር።

«ልጄን በደንብ እየያዝሽልኝ ነው?» ትላለች ጮክ ብላ፣ ከቤታችን አልፎ እንዲሰማ።

«ይዤልሻለሁ፣ እመቤቴ» ትላለች እትዬ አንገቷን ደፍታ።

«ከሳችብኝ እኮ! በይ፣ የሞግዚትነትሽን እንኪ።»

ቅቤውን ሰጥታ፣ ጉንጬን ሳም አድርጋ ትመለስ ነበር። ሁለቱም አይስቁም። እኔም በየቤቱ እንዲህ የሚደረግ እየመሰለኝ፣ አንዷ እናት ሌላዋ አሳዳጊ ሆነው መኖራቸው ከቶም አይደንቀኝም ነበር።

የደነቀኝ አንደኛ ክፍል በገባሁበት ዓመት፣ መስቀል ካለፈ በኋላ ነው። ወፍጮ ቤት ወረፋ ከሚጠብቁት መካከል ሰናይት የምትባል፣ ከእኔ ከፍ የምትል ልጅ ነበረች፤ ገመድ ስንዘል ተጣላንና ሁሉም እየሰማ እንዲህ አለችኝ፦

«አንቺ እኮ ጥራጊ ላይ ተጥለሽ የተገኘሽ ነሽ! እትዬ የምትያት የተቀጠረች ሞግዚትሽ ናት። የራሷማ ልጆች ሞተውባታል።»

እየሮጥኩ ቤት ስደርስ እትዬ ሳፋው ላይ ጎንበስ ብላ ልብስ ታጥባለች። «እትዬ፣ የእኔ እናት ማናት?» አልኳት። እጇ አረፋው ውስጥ ቆመ። ወደ አጥሩ አየች፣ ወደ ሰማይ አየች፣ ወደ እኔ ግን አላየችም።

«አዴ ድንቄ ናታ» አለችኝ።

እንዲያ ከሆነማ፣ አልኩ በልጅነት ልቤ፣ ከእናቴ ቤት ነው መኖር ያለብኝ። የክት ቀሚሴንና ደብተሬን ፌስታል ውስጥ ከትቼ ወጣሁ። እትዬ እስከ አጥሩ ድረስ ተከተለችኝ። ታስቀረኛለች ብዬ ጠብቄ ነበር፤ እሷ ግን እርጥብ እጇን ቀሚሷ ላይ እየጠረገች፣ «ሹራብሽን ልበሺ፣ ይበርዳል» ብቻ አለችኝ። ይህን ያህል አንጀቴን ያሳረረኝ ቃል ከዚያ በፊት ሰምቼ አላውቅም ነበር።

አዴ ድንቄ ፌስታሌን ስታይ «ኮቱ፣ ኢንታላ ኮ» ብላ፣ ነይ ልጄ ማለቷ ነው፣ አቀፈችኝ፤ ነገር ግን ፊቷ ደስ ያለው ሰው ፊት አልነበረም። ባሏ ኦቦ ገመቹ በኦሮምኛ፣ ቀስ ብሎ፣ «ንገሪያት እንጂ፣ እውነት መሰላት እኮ» ሲላት ሰማሁት። «ምያለሁ» አለችው እሷ፣ ከዚያም ወደ በረቱ ይዛው ሄደች።

ወቅቱ ሣር የሚታጨድበት ነበር። ቀን ቀን ከትምህርት ቤት መልስ አጫጆቹ በከመሩት ድርቆሽ ላይ ስንሸራተት እውላለሁ፤ እትዬ ደግሞ አንድ ቀን ወንፊት ልትዋስ፣ አንድ ቀን እሳት ልትጭር፣ አንድ ቀን የጠፋች ዶሮ ልትፈልግ ትመጣለች። ዶሮ እንዳልጠፋት አውቃለሁ። ቆም ብላ ታየኝና ትሄዳለች። አንድ ጊዜ ተመለሺ ብትለኝ ፌስታሌን እንኳ ሳላነሣ እከተላት ነበር፤ አላለችም። እኔም አኩርፌ ድርቆሹ ውስጥ እደበቃለሁ።

ኅዳር ሲገባ የሱሉልታ ውርጭ ሜዳውን ጨው የነሰነሱበት ያስመስለው ጀመር። ያስለኝ ነበር፤ ሳሉ እየባሰ ሄደና አንድ ጠዋት መተንፈስ አቃተኝ። አዴ ድንቄ በጋቢ ጠቅልላ ደጅ አወጣችኝና በአጥሩ ላይ ተጣራች። እትዬ በበሩ ዞራ አልመጣችም፤ አጥሩን ጥሳ፣ ነጠላዋ እሾህ ላይ ቀርቶ፣ በባዶ ራሷ እየሮጠች መጣች።

«ልጄን! ልጄን! ልጄ፣ ምን ሆነችብኝ!»

ድርቆሽ የሚከምሩት ሰዎች መንሻቸውን እንደያዙ ቀጥ አሉ። አዴ ድንቄ አፏን በእጇ ያዘች። እትዬ ያለችውን የሰማችው ያን ጊዜ ይመስለኛል፤ መሬት ላይ ቁጭ አለች። ትኩሳት ቢያነደኝም ያን ቃል ሰምቼዋለሁ፤ ከሳሌ መሐል «የማንን ልጅ ነው?» ብዬ ማሰቤን ዛሬም አስታውሳለሁ።

ጋሼ በዱቄቱ እንደተለወሰ መጥቶ አዘለኝና ሦስቱም በሚኒባስ ወደ ጤና ጣቢያ ወሰዱኝ። ሐኪሙ ሲያዳምጠኝ እትዬ አልገባ ብላ በሩ ሥር፣ የአዴ ድንቄን ሻርፕ አፏ ላይ ይዛ ተቀምጣ ነበር። «በአፌ ገደልኳት» ስትል ይሰማኛል። «ዝም በይ» ትላታለች አዴ ድንቄ፣ ፈጣሪን በኦሮምኛ እየጠራች፣ «ዋቃ እናት ልጄ ብላ ስለጮኸች ልጅ አይወስድም።»

«የሳንባ ምች ነው» አለ ሐኪሙ መርፌውን እያዘጋጀ። «በጊዜ አምጥታችኋታል፣ ትድናለች።»

እትዬ ያን ጊዜ ብቅ አለች። «ዶክተር፣ ስለጠራኋት አይደለም?»

«እንዴት ጠርተዋት ነው?» አላት ግራ ገብቶት። «ብርድ ነው እኮ፣ እናቴ። ብርድ ነው የመታት።»

«ብርድ ነው?» አለች። ወደ አዴ ድንቄ ዞራ፣ የምሥራች እንደምትናገር ሁሉ፣ «ብርድ ነው አለኝ!» አለቻትና አንገቷ ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች።

ትኩሳቱ ሲለቀኝ አልጋዬ ጫፍ ተቀምጣ ሁሉንም ነገረችኝ። ከእኔ በፊት አንድ ወንድና አንዲት ሴት ወልዳ፣ ሁለቱም ዳዴ ሳይሉ ሞተውባታል። እኔን ስታረግዝ የሰፈሩ ትልልቅ ሰዎች፣ ሞት የሚወደድ ልጅ ያሸታልና መውደድሽን አታሳዪው አሏት። እንደተወለድኩ አዴ ድንቄ በጨርቅ ጠቅልላ በጓሮ በር አወጣችኝ፣ ጥራጊው ላይ አስተኛችኝ፣ መልሳም አነሣችኝና «የወደቀ ልጅ አገኘሁ! የምታጠባልኝ ሴት ትኖራለች?» እያለች ቤቱን ዞራ በፊት በር ገባች። እናቴም ለራሷ ልጅ ሞግዚት ሆና ተቀጠረች። የወተት ጥርሶቼ ተነቅለው እስኪያልቁ ድረስ ልጄ ላትለኝ፣ አዴ ድንቄም እውነቱን ላታወጣ ተማምለው ነበር።

«ስትሄጂ ላስቀርሽ ፈልጌ ነበር» አለችኝ። «ብይዝሽ አንቺን የማጣ መሰለኝ።»

«እማዬ» አልኳት። ክው አለች። በሩን አየች፣ መስኮቱን አየች፤ ማንም አልመጣም፣ ምንም አልሆነም። ከዚያ ከሆዷ በወጣ ድምፅ «ወዬ» አለችኝ። ያን ቀን ያለ ምንም ጉዳይ ስጠራት ዋልኩ፤ እሷም ሳትሰለች «ወዬ» ስትል ዋለች።

ለገና አዴ ድንቄ ቅቤዋን ይዛ መጥታ ደጃፉ ላይ ቆመችና፣ «ሞግዚቴን አሰናብቻለሁ፤ ልጅቷን ለደመወዟ ትውሰዳት!» አለች። ሁለቱ እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። ጋሼም ከመወለዴ በፊት አስቦ በሆዱ የያዘውን ስም ያን ዕለት ነገረን፤ ትርሲት ተባልኩ፣ ጌጥ ማለት ነው። ስሙን እስክለምደው ድረስ ትምህርት ቤት ሲጠሩኝ ዞር ብዬ ሌላ ልጅ እፈልግ ነበር።

አሁን የምኖረው ቡራዩ ነው። ልጄ ሳትወለድ ነበር ስሟን ያወጣንላት፤ የተወለደች ዕለት ባለቤቴ ፎቶዋን ለዘመድ ሁሉ ላከ፣ ስንት ሰውም «ስታምር!» ብሎ መለሰ። እናቴ ስልኩን አይታ ከንፈሯን ነከስ አደረገችና ስልኩን ደፍታ አስቀመጠችው። እኔ እንደ እሷ የቀበርኩት ልጅ የለም። ክትባቱ አለ፣ ሐኪም ቤቱም ቅርብ ነው፣ ለማንም ብዬ ልጄን የማልወድ መስዬ ኖሬ አላውቅም። ሌሊት ስታስል እነሣና ግንባሯን እዳስሳለሁ፤ ካልተኮሰ ብርድ ልብሷን አስተካክዬ ተመልሼ እተኛለሁ። እናቴ በእኔ ዕድሜ እንዲህ መተኛት አልተሰጣትም ነበር።