ስድስተኛዋ ካንዴላ፦ ከእንጅባራ ዳንግላ ደርሶ መልስ

ከቤቴ የወጣሁት ካንዴላ ልገዛ ነው። መካኒክ ሆኜ አይደለም፤ በመሠረተ ትምህርት ፊደል የቆጠርሁ፣ ጥጥ ፈትዬ የማድር ሴት ነኝ። ባሌ ሲሞት ግቢያችን ውስጥ አንዲት አሮጌ የቤንዚን የጭነት መኪና ትቶልን ሄደ። ልጄ ይበልጣል ለገበሬ ማኅበሩ እህልና ማዳበሪያ ያመላልስባት ነበር። በደርግ ጊዜ ነው፤ ወጣቱ ለውትድርና ሲታፈስ እሱን ቤት ያስቀረችው ያቺ መኪና ናት። ታዲያ በዚያ ሳምንት አልነሳ አለች። ለሞተሩ እሳት የሚሰጡት ስድስቱ ካንዴላዎቿ አልቀዋል።

የማኅበሩ ሊቀመንበር ደጄ ድረስ መጣ። “እትዬ የሺ፣ ሰኞ ጠዋት መኪናዋ ከተነሳች ልጅሽ ሾፌር ነው፤ ካልተነሳች ወታደር ነው” አለኝ። ድምፁን እንኳ ከፍ አላደረገም።

ቅዳሜ ጠዋት

ይበልጣል ራሱ እንዳይሄድ መንገዱ ላይ አፈሳ አለ። እኔ ዳንግላ የታመመች እህቴን ልጠይቅ ብዬ ከቀበሌ የይለፍ ወረቀት አወጣሁ። እህት የለችኝም። አንዷን አሮጌ ካንዴላ ለናሙና በነጠላዬ ጫፍ ቋጥሬ አውቶቡስ ተሳፈርሁ። ጉሙ ከቀርከሃው ላይ ገና አልተነሳም ነበር።

አዲስ ቅዳም ከተማ ስንደርስ የገበያ ቀን ነው፤ መንገዱ ከሰል በጫኑ አህዮች ተሞልቷል። ኬላው ላይ አስቆሙን። ሁለት ጎረምሶች ወረቀታችሁ ተባሉ፤ ወረዱ። አንደኛው የድንች ከረጢቱን ወንበር ላይ ትቶት ቀረ። እስከ ዳንግላ ድረስ ያን ከረጢት የነካው ሰው የለም፤ ወንበሩም ላይ ማንም አልተቀመጠም።

ዳንግላ

ጠይቄ ጠይቄ ጋሽ አየነው የሚባሉ መካኒክ ዘንድ ደረስሁ። ግራሶ በነካው እጃቸው ናሙናዋን ገልበጥ ገልበጥ አደረጓት።

“ሴቲቱ፣ መኪና መንዳት ጀመርሽ?”

“እኔስ አህያም ነድቼ አላውቅ፣ ጋሼ። የልጄ ናት።”

“ልጅሽ ለምን አልመጣም?”

የብሬን ቋጠሮ መፍታት ጀመርሁ። እሳቸውም ደግመው አልጠየቁኝም። ስድስት አዲስ ካንዴላ ሰጡኝና ከጎማ ቱቦ ስንዝር ያህል ቆርጠው ጨመሩልኝ።

“አምስቱ ቀላል ናቸው። ስድስተኛዋ ከካቢናው ሥር ተወሽቃ እጅ አታስገባም። ልጅሽ በቁልፍ አስጀምራለሁ ካለ የቀዳዳውን ጥርስ ይበላውና ሞተሩ አለቀለት። ቱቦውን አናቷ ላይ ይሰካና በጣቱ ቀስ አድርጎ ያዙራት። ስትይዝ ታስታውቃለች።”

ስንመለስ

ቢፈትሹኝስ? እህቷን ልትጠይቅ የሄደች ሴት የመኪና ዕቃ ምን ትሠራበታለች?  ገበያ ገብቼ በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ ቅቤ ገዛሁና ካንዴላዎቹን መሐሉ ቀበርኋቸው።

ኬላው ላይ አንድ ወታደር አውቶቡሱ ውስጥ ገብቶ ጥቅሌን በጣቱ ጠቆመ። “ምንድን ነው?”

 አጠገቤ የተቀመጠች ከሰል ሸጣ የምትመለስ ሴት ቀደመችኝ፦ “ቅቤ ነዋ! አናትህ ደርቋል፣ ና ጎንበስ በል ልቀባህ!” አውቶቡሱ ሳቀ፤ ወታደሩም እያፈረ ወረደ። እኔ አልሳቅሁም። ጥቅሉን እስከ እንጅባራ ጭኔ ላይ አጥብቄ ያዝሁት።

እሁድ

እሁድ ሥራ ነክቼ አላውቅም። ያን ዕለት ግን ከቅዳሴ ስንመለስ የግቢውን በር ዘጋን። ይበልጣል አምስቱን ቶሎ ቀየረ። የስድስተኛዋን አሮጌ በረጅም ቁልፍ አወጣት፤ አዲሷን ሊያስገባ ሲል ግን ክንዱ አላልፍ አለ።

“እስቲ ልቀቅልኝ” አልሁት። መኪናዋ ላይ በደረቴ ተኛሁና ቱቦውን ይዤ እጄን ሰደድሁ። ዓይን አያይም፤ ጣት ብቻ ነው። እንዝርት እንደማሾር ቀስ አድርጌ አዞርሁ፤ ያዘች።

ይበልጣል መኪናዋን ቢያስነሳት ቢያስነሳት እምቢ አለች። አንዷን ፈትቶ አሸተታት።

“እማዬ፣ ይሄ ምንድን ነው? ቅቤ ቅቤ ይላል!”

“በጨርቅ ጠርጌያቸዋለሁ እኮ! ትንሽ ቢቀርም አዲስ ነገር ቅቤ ቢነካው ምን ክፋት አለው ብዬ …”

“ሙሽራ ናት እንዴ የምትቀቢያት? ካንዴላ ቅባት ካለበት እሳት አይሰጥም!”

ሁሉንም እንደገና አወጣን፣ በቤንዚን አጠብን፣ ፀሐይ ላይ አደረቅን። ስድስተኛዋን ዳግመኛ አስገባሁ፤ የእጄ ቆዳ ተልጦ ደም በደም ሆነ። ወደ አሥር ሰዓት ገደማ አስነሳት። ሳል ሳል አላትና ተነሳች። መሬት ስሜ አለቀስሁ።

ሰኞ

ሊቀመንበሩ በማለዳ መጣ። ሞተሩን ሰማ፤ ለይበልጣል የሾፌርነት ወረቀቱን ሰጠው። “አሁኑኑ ወደ ማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ንዳ፤ ጭነት አለ” አለው። ማዳበሪያ መስሎኝ ስንቁን ይዤ ተከተልሁ።

ጭነቱ ልጆች ነበሩ። ሌሊት የታፈሱ፣ ወደ ማሠልጠኛ የሚሄዱ። የጎረቤቴ የእናኑ ልጅም መሐላቸው አለ። እናኑ የዳቦ ጥቅል ወደ ላይ እያቀበለችው ዞር ስትል እጄ ላይ የጠመጠምሁትን ጨርቅ አየች።

“ተነሳችልሽ፣ የሺ?” አለችኝ።

“ተነሳች።”

“እሰይ” አለች፤ ከልቧ ነበር። ይበልጣል አንገቱን ደፍቶ ነዳ።

መንገድ ያስተምራል ይላሉ። እኔንም ካንዴላ መቀየር አስተምሮኛል፤ ፍርሃትም እጅን እንደሚያበረታ አይቻለሁ። በዚያ ሁለት ቀን ግን ያሰብሁት አንድ ልጅ ብቻ ነበር። መኪናዋ ስትነሳ ማንን ጭና እንደምትሄድ አልጠየቅሁም።